ድምፁ ስለጠፋ ፍሬኑ ዳነ ማለት አይደለም

ሰሞኑን በባሕር ዳር ባለመኪናዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚፋጭ ፍሬንን ቤት ውስጥ፣ ያለ መካኒክ፣ በአንድ ሰዓት እንዴት መጠገን እንደሚቻል ያስተምራል። ለእኔም ከተለያዩ ሰዎች ደርሶኛል። አብዛኞቹ የላኩልኝ «እስቲ እየው፣ እውነት ነው?» እያሉ ነው። መልሴ ይኸው።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ፍሬን ከተፋጨ ሸራው (ጎማውን ለመያዝ ዲስኩን የሚጨምቀው ክፍል) አልቋል፤ መፍትሔው አዲስ ገዝቶ መቀየር ነው ይላሉ። ድምፁ የሚሰማው ጠዋት ላይ ከሆነ ግን የጣና እርጥበት ያመጣው ዝገት ስለሆነ አያሳስብም። የሸራውን ውፍረት ለማየት ጎማ መፍታት አያስፈልግም፣ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ ማየት ይበቃል። የሚቀየረው የጮኸው ጎማ ሸራ ብቻ ነው። ዲስኩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ከተቧጨረ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ነው። ድምፁ እንዳይመለስ የሸራውን ጀርባ ግራሶ መቀባት፣ የፍሬን ዘይት ከጎደለም መሙላት ነው። ለዚህ ሁሉ ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክና የጎማ መፍቻ በቂ ናቸው። መደምደሚያቸው ደግሞ ጋራዦች ለቀላል ሥራ ብዙ ብር ስለሚወስዱ ራሳችሁ ሥሩት የሚል ነው።

የተነሡበት ምክንያት ይገባኛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የፊት ሸራ መቀየርም ረጋ ብሎ ለሚሠራ ሰው የማይቻል ሥራ አይደለም። ቤት ውስጥ መሥራቱን አልቃወምም፣ እንዲያውም ሰው መኪናውን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። የማልስማማው በሌላ ነገር ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሳድደው ድምፁን ነው። ድምፁ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ዝም የሚያሰኝበትን መንገድ ያሳያል። ፍሬን ደግሞ ድምፅ ሳያሰማም እምቢ ሊል የሚችል ነገር ነው።

«የተፋጨ ፍሬን ሁሉ ሸራው አልቋል» ከሚለው እንጀምር። ከጎማ አካባቢ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ የፍሬን አይደለም። የፍሬን የሆነውም ቢሆን ሁሉም ሸራ አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሬዲዮ ዘግታችሁ፣ ጸጥ ባለ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ድምፁ የሚመጣው ፍሬን ስትረግጡ ብቻ ነው ወይስ ሳትረግጡም አለ? ፍጥነት ስትጨምሩስ ይለወጣል? መሪ ስታዞሩስ?

ስትረግጡ ብቻ ቀጭን «ሲጥጥ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሸራው ወደ ማለቁ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሸራዎች ላይ ውፍረታቸው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲቀር ዲስኩን እንድትነካ ተብላ የተሠራች ትንሽ ብረት አለች። እሷ ማስጠንቀቂያ ናት፣ ጊዜ ትሰጣችኋለች። ስትረግጡ ወፍራም፣ ፔዳሉ ላይ እግራችሁን ጭምር የሚነዝር የብረት መፋጨት ከሆነ ግን ማስጠንቀቂያው አልፏል። ሸራው አልቆ ብረት በብረት እየተፋቀ ነው። ያኔ መኪናውን አቁሙ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው።

ሳትረግጡም የሚፍቅ ከሆነ ሌላ ነገር ጠርጥሩ። ከዲስኩ ጀርባ ስስ ላሜራ አለች። ጠጠር መንገድ ላይ ደርሶ የመጣ መኪና በላሜራዋና በዲስኩ መካከል ትንሽ ድንጋይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ድምፁ ያስደነግጣል፣ መኪናው የተበላሸ ነው የሚመስለው። አንዳንዴ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መንዳት ብቻ ድንጋዩን ያስወጣዋል። ካልሆነ ጎማ ፈትቶ ላሜራዋን በካቻቢቴ ትንሽ ፈልቀቅ ማድረግ ነው፣ ምንም ዕቃ አይገዛም። የጽሑፉን ምክር የተከተለ ሰው ግን ጤነኛ ሸራ ጥሎ አዲስ ገዝቶ፣ ድንጋዩን እዚያው ትቶ ይመለሳል።

ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚያድግ፣ ፍሬን ቢረገጥም ባይረገጥም የማይለወጥ፣ መሪ ሲዞር ግን የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ጉርምርምታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎማው የሚሽከረከርበት የኩሽኔታ ነው። ወደ ግራ ስትታጠፉ ጭነቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ድምፁ ከጨመረ በመጀመሪያ የቀኙን ተመልከቱ። ኩሽኔታ እየሞተ ሸራ መቀየር ምን እንደሚጠቅም አይታየኝም።

ጸሐፊው «የባጃጅም ያው ነው» ብለው አንድ መስመር ጣል አድርገዋል። ያው አይደለም። ብዙዎቹ ባጃጆች በሦስቱም ጎማ የሚይዙት በዲስክ ሳይሆን በታምቡር፣ ማለትም ሸራው ከውስጥ ሆኖ በሚጫነው ክብ ክዳን ነው። የቪትዝና የብዙ ትናንሽ መኪናዎች የኋላ ፍሬንም እንዲሁ። ታምቡር ሳይወልቅ ውስጡ ያለው ሸራ አይታይም። ድምፁም ከተጠራቀመ ብናኝ፣ ከተሰበረ ስፕሪንግ ወይም ካልተለቀቀ የእጅ ፍሬን ሊመጣ ይችላል። ባሕር ዳር ውስጥ ሰው የሚያመላልሰው ባጃጅ ብዛቱ ይታወቃል። በአንድ መስመር የሚታለፍ ጉዳይ አልነበረም።

አሁን ወደ ጣና። ይህ የጽሑፉ ክፍል ግማሹ እውነት ነው፣ ለዚህም ነው ሰው የሚያምነው። ዲስክ ቀለም ያልተቀባ ብረት ነው። ዝናብ ወይም ጤዛ ሲያድርበት ስስ ዝገት ይይዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሣ ትንሽ ቢፍቅ የሚገርም አይደለም። ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ሸራው ራሱ ጠርጎት ይጠፋል። እስከዚህ ድረስ አብረን ነን።

ሐይቁ ላይ ግን ብዙ ተጫነባቸው። የጣና ውኃ ጨዋማ አይደለም። እንደ ባሕር ዳርቻ ብረት የሚበላ አየር የለንም። ደብረ ታቦርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ዝናብ ላይ ያደረ መኪና ጠዋት እንዲሁ ይፍቃል። ወሳኙ ጥያቄ ድምፁ መቼ ይጠፋል የሚለው ነው። ከሽምብጥ ተነሥታችሁ መሐል ከተማ ስትደርሱም ካለ፣ ዝገቱ እስካሁን መጠረግ ነበረበት። በጋ ላይ፣ መጋቢት በሚያቃጥለው ፀሐይ የሚሰማ ከሆነማ ጣናን አትውቀሱት። ሌላው ደግሞ ሳምንታት የቆመ መኪና ነው። የሱ ዝገት ስስ አይደለም፣ ዲስኩን ይቦረቡራል፣ የእጅ ፍሬኑንም ታምቡር ላይ ሊያጣብቀው ይችላል። መኪናን ማታ አጥቦ ወዲያው የእጅ ፍሬን ስቦ ማሳደርም እንዲሁ ያደርጋል። (መኪና ማጠብን ካነሣሁ አይቀር፦ ሐይቁ ዳር ወርደን ስናጥብ ከፍሬንና ከሞተር የሚወርደው ቆሻሻ የሚገባው ዓሣ የምናወጣበት ውኃ ውስጥ ነው። እምቦጭ ያስጨነቀው ሐይቅ ላይ ይህን ባንጨምርበት።)

አሁን ወደ ከባዱ ስሕተት፦ «ጎማ ሳትፈቱ በቸርኬው ቀዳዳ እዩ።»

በቀዳዳው የሚታየው የውጭው ሸራ ነው። እያንዳንዱ የዲስክ ፍሬን ሁለት ሸራ አለው፣ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ። ካሊፐሩ (ሁለቱን ሸራ ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) በተሸከሙት ፒኖች ላይ ወዲህና ወዲያ መንሸራተት ካልቻለ ፒስተኑ (በፍሬን ዘይት ግፊት የሚወጣው ክፍል) የሚገፋው የውስጠኛው ሸራ ሥራውን ሁሉ ይሸከማል። እሱ ሲያልቅ የውጭው ገና ወፍራም ሊሆን ይችላል።

ይህ በወሬ የሰማሁት አይደለም። አንድ ጎረቤቴ የሆነ ወጣት ጽሑፉን አንብቦ የቪትዙን የፊት ጎማ በቀዳዳው አየ። ሸራ አለ። ጠዋት ነበርና «የጣና እርጥበት ነው» ብሎ ተወው፣ ድምፁ ከሰዓት ሲቀጥልም መንዳቱን አላቆመም። በመጨረሻ አብረን ጎማውን ፈታነው። የውጭው ሸራ እውነትም ግማሽ ያህል አለው። ካሊፐሩን አንሥተን የውስጠኛውን ስናወጣው ሸራ የሚባል ነገር አልቀረበትም። የቀረው የተለጠፈበት ብረት ብቻ ነው፣ ያም ተፍቆ ተፍቆ እንደ መስታወት ያበራል። ጠርዙ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። የዲስኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ዙሪያውን ተቆፍሯል። የውጭው ገጽ ለስላሳ ነው፣ ከመንገድ ለሚያየው ምንም የለበትም። የታችኛውን ፒን በእጅ ለመግፋት ሞከርን፣ ንቅንቅ አላለም። ፒኑን የሚሸፍነው ጎሚኒ ተቀዶ ውኃ ገብቶ ፒኑን ዝገት ይዞታል።

እንግዲህ ይህ ልጅ ጽሑፉ እንዳለው አዲስ ሸራ ገዝቶ ቢያስገባ ምን ይሆን ነበር? ድምፁ ይጠፋል። ፒኑ ግን አሁንም እንደተያዘ ነው። የውስጠኛው ሸራ እንደገና ብቻውን ያልቃል። ስለዚህ ሸራ ለመቀየር የሚነሣ ሰው ጎማውን ይፍታ፣ ሁለቱንም ሸራ አውጥቶ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ውፍረታቸው ተቀራራቢ ከሆነ ደኅና። አንዱ ካለቀ ሌላው ከቀረ ምክንያቱ ሳይገኝ ሥራው አላለቀም። ፒኖቹ በእጅ መንቀሳቀስ አለባቸው። አጽድቶ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ቀብቶ፣ የተቀደደ ጎሚኒ ቀይሮ መመለስ ነው። ፒስተኑ አካባቢ እርጥበት ካያችሁ ወይም ቀስ አድርጋችሁ ስትገፉት አልገባም ካለ ግን እዚያ ላይ አቁሙ፤ የባለሙያ ሥራ ነው። ቁጥር ለሚፈልግ፦ አዲስ ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ነው፣ 3 ሲደርስ ይቀየራል።

«የጮኸውን ጎማ ብቻ ቀይሩ» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ሸራ የሚቀየረው የፊቱ ግራና ቀኝ አብሮ፣ የኋላውም ግራና ቀኝ አብሮ ነው። አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያረጀ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። በክረምት እርጥብ አስፋልት፣ ብስክሌተኛ በበዛበት ከተማ ይህ ምን እንደሚያመጣ መናገር አያስፈልግም። ሸራውም የሚሸጠው ለሁለቱ ጎማ ተደርጎ ነው።

ዲስክ ቶርኖ ቤት ማስላጥ በራሱ ስሕተት አይደለም። ጥሩ ቶርኖ ያለው ባለሙያ ዲስክን ወደ ደኅና ገጽ ይመልሰዋል። ጸሐፊው የዘለሉት ግን ዋናውን ነው። ዲስኩ ላይ ከዚህ በታች አትጠቀሙበት የሚል ዝቅተኛ ውፍረት በሚሊሜትር ተቀርጿል። አዲስ ሳለ 22 የሆነ ዲስክ መጣያው 20 ሊሆን ይችላል። በዓመታት አገልግሎት 1 ሚሊሜትር የሳሳ ዲስክ ላይ ቦዩን ለማጥፋት ከሁለቱም ጎን ሲላጥ ምን እንደሚቀር አስሉት። ስለዚህ ከመላጡ በፊትም በኋላም ይለካ።

የሳሳ ዲስክ ከተማ ውስጥ ላያስታውቅ ይችላል። ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ሲወረድም ምናልባት ይችለዋል። ግን ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ፍሬን ሙቀቱን የሚያስቀምጠው ዲስኩ ላይ ነው። ቀጭን ዲስክ ቶሎ ይግላል። በከባድ ማርሽ መውረድ ብዙ ይረዳል፣ ግን የሳሳን ብረት አያወፍርም።

ስለ ፍሬን ዘይት የተሰጠው ምክርም የሚጎዳው እዚሁ ቁልቁለት ላይ ነው። «ከጎደለ ሙሉት፣ ማንኛውም ይሆናል» ብለዋል። ዶት 3ና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይት ዓይነቶች ቢደባለቁ ችግር የለውም፣ በዚህ እስማማለሁ። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከነሱ ጋር አይገባም። የሞተር ዘይትማ በስሕተትም ቢገባ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል።

ከሁሉ በፊት ግን ለምን ጎደለ? ሸራ ሲሳሳ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከኋላው የተፈጠረውን ቦታ የሚሞላው ዘይቱ ነው። ስለዚህ መጠኑ ቀስ በቀስ መውረዱ ሸራው እያለቀ መሆኑን የሚናገር ምልክት ሊሆን ይችላል። በድንገት ከወረደ ደግሞ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ዝም ብሎ የሚሞላ ሰው ሁለቱንም ምልክት ይሸፍናል። ከዚያ አዲስ ሸራ ሊያስገባ ፒስተኑን ወደ ውስጥ ሲገፋ ዘይቱ ሞልቶ ይፈስሳል፣ የመኪናውንም ቀለም ይልጣል። በሌላ በኩል የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ 140 ብቻ ነው። የዶት 4 ደግሞ 230 እና 155። በረሃው ላይ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ሙሉ በሙሉ መቀየር እንጂ በላዩ እየጨመሩ መሄድ አይበጅም።

ግራሶውን በተመለከተ ሐሳባቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። የሸራው ጀርባ ላይ በጣም ስስ አድርጎ መቀባት ንዝረትን ይቀንሳል፣ «ሲጥጥ» የሚለውን ድምፅም ያጠፋል። ግን ለፍሬን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። ለኩሽኔታ የሚገዛውን ተራ ግራሶ በጣት ዝቆ የሚቀባ ሰው፣ ፍሬኑ ሲግል ቀልጦ ዲስኩ ላይ ይወርድበታል። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል። መያዙም አብሮ ይጠፋል። ግራሶ የነካው ሸራ ታጥቦ አይመለስም፣ ይጣላል።

ብናኙን በኮምፕረሰር ንፉት ያሉትን ደግሞ እባካችሁ አታድርጉ። በተለይ አሮጌና ርካሽ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ሊኖር ይችላል፣ በዓይን አይለይም። ሳንባ ውስጥ የገባ አስቤስቶስ ካንሰር ያመጣል። ውኃ ረጭቶ በጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ልጆች በአጠገቡ አይኑሩ።

ክሪክ ብቻውን በቂ ነው የሚለው ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ክሪክ የተሠራው ጎማ ለመቀየር እንጂ መኪና አንሥቶ ሥሩ ለመሥራት አይደለም። የብዙዎቻችን ግቢ ደግሞ አፈር ነው፣ በክረምት ክሪኩ ይሰምጣል። ጠንካራ ሜዳ ፈልጉ። የሚቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፊትም ከኋላም አስይዙ። የጎማውን ዳዶዎች መኪናው ሳይነሣ ላላ አድርጓቸው። ካነሣችሁ በኋላ የብረት መደገፊያ ከሥሩ አቁሙ። የተፈታውን ጎማም ከመኪናው ሥር አስተኙት፣ ክሪኩ ቢሸሽ መኪናው እሱ ላይ ያርፋል። ብሎኬት አትጠቀሙ፣ ሳይነግር ይሰበራል።

አሁን ደግሞ ጸሐፊው ያሉትን ሳይሆን ያላሉትን ላንሣ። ከተነሡት ሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑ ወደ ውስጥ ተገፍቷል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ፍሬን ሲረገጥ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሄዳል። ይህን ያልተነገረው ሰው ሞተር አስነሥቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ከግቢው ሲወጣ ነው የሚያውቀው። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ ጠንከር እስኪል ደጋግማችሁ ርገጡት። ካልጠነከረ አትንዱ። ከዚያ ሰው በሌለበት ቦታ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት፦ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 10 አካባቢ ለስለስ አድርጎ ዝቅ ማለት፣ ሳይቆሙ ትንሽ ነድቶ ማቀዝቀዝ፣ ደጋግሞ እንደዚያው። በዚያው ቀን ወደ አባይ በረሃ አትውረዱበት።

የቀረው የጋራዡ ነገር ነው። ጤነኛ ዕቃ «አልቋል» የሚል መካኒክ የለም አልልም፣ አለ። ግን ከዚያ መዳኛው መካኒክን መሸሽ ብቻ አይደለም። ጎማ ፈትቶ ሁለቱን ሸራ ያየ፣ ፒኑን የሞከረ፣ ዲስኩን በጥፍሩ የዳሰሰ ሰው ጋራዥ ሲገባ የሚነገረውን ያመዛዝናል። አሮጌው ዕቃ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ዲስኩ ሲለካ አጠገቡ ቁሙ። ሸራ መቀየር፣ ፒን ማጽዳት፣ ድንጋይ ማውጣት እቤት ይሠራል። የሚያፈስ ፒስተን፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ዳሽቦርድ ላይ የበራ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራት ግን ወደ ባለሙያ ይሂድ።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፍዎ ብዙ ሰው እጅ ገብቷል። በሌላው ባንስማማ እንኳን ስለ ክሪኩ፣ ስለ ውስጠኛው ሸራና ስለ መጀመሪያው የፔዳል ርግጫ ያለውን አርመው እንደገና ያውጡት። እኔም ያረሙትን ለላኩልኝ ሰዎች ሁሉ መልሼ እልከዋለሁ።